የራሰው ፌስታል፦ ግብር በየአገሩ ማንን ያደክማል?

(ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር በሚገኝ አዳራሽ፣ ለሂሳብ ሠራተኞች፣ ለነጋዴዎችና ለተማሪዎች ካደረግሁት ንግግር የተጻፈ። የተደጋገመውን ቀንሻለሁ፤ ጨዋታውን ግን አልነካሁትም።)

እንዴት ዋላችሁ። ከኋላ ያላችሁ ትሰሙኛላችሁ? መስኮቱን እንዝጋው ብዬ ነበር፤ ሙቀቱ አልቻል አለኝ። ስለዚህ የጀልባውን ሞተር ቻሉት።

ወሬዬን ከአንድ ፌስታል ልጀምር። ወሩ ሐምሌ ነው፤ የባሕር ዳርን ሐምሌ ታውቁታላችሁ፣ ጠዋት የጀመረው ዝናብ ማታም አይጠግብም። እኔ ያኔ ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ነው። ከሐይቁ ዳር ዓሣ ቤት ያላቸው አንዲት ሴት፣ እዚህ እትዬ እያልኩ ልጥራቸው፣ የዓመቱን ደረሰኝ በጥቁር ፌስታል ቋጥረው መጡ። ፌስታሉ ቀዳዳ ነበረው። ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ ብዘረግፈው ግማሹ እንደ ቂጣ ተጣብቋል። ከካሽ ሬጅስተር የወጣው ወረቀት ደግሞ ወጥ ቤት ምድጃ አጠገብ ከርሞ ኖሮ ጽሑፉ ጠፍቶ ነጭ ሆኗል። በብርሃን እያየሁ፣ በጣቴ እየዳበስኩ ለየሁት። ዘይት አለ። ዱቄት አለ። ቢራና ለስላሳ አለ። ሎሚ እንኳን አለ። ዓሣ የለም። ዓሣ ቤት ነው፤ በወረቀቱ ግን ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓሣ አልተገዛም።

«እትዬ፣ የዓሣው ደረሰኝስ?» አልኳቸው።

«አንተ ልጅ! ታንኳ ላይ የቆመ ሰው ነው ደረሰኝ የሚቆርጥልኝ?»

እውነታቸውን ነው። ሌሊት መረቡን ዘርግቶ፣ ጎህ ሲቀድ ቆሮሶና አምባዛውን በደንገል ታንኳ ጭኖ የሚመጣ ሰው የደረሰኝ ጥራዝ የለውም። ሕጉ ደግሞ በማስረጃ ያልተደገፈ ወጪ ከገቢ ላይ አይቀነስም ይላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የሚጋጩት እትዬ ትከሻ ላይ ነው።

ይህ በቁጥር ምን እንደሚሆን በዛሬው የማስከፈያ ልክ ልሥራላችሁ። አኃዙ ለምሳሌ ያህል የእኔ ነው። አንድ ዓሣ ቤት በዓመት 2,400,000 ብር ሸጠ እንበል። ለዓሣ 1,200,000፣ ለቀረው ሁሉ 900,000 ወጣ። ትርፉ 300,000 ብር ነው። የግለሰብ ንግድ ትርፍ በዓመት ከ168,000 ብር ሲያልፍ ያለው የላይኛው ልክ 35 በመቶ ነው፤ በአጭሩ መንገድ በ35 በመቶ አባዝተን 24,600 እንቀንሳለን። ግብሩ 80,400 ብር ይመጣል። ይከብዳል፤ ግን ይከፈላል። አሁን የዓሣውን ወጪ ሰርዙት። ትርፉ በወረቀት ላይ 1,500,000 ሆነ። ግብሩ 500,400 ብር። ሰውየው በእጁ ያገኘው 300,000 ነው፤ የተጠየቀው ግማሽ ሚሊዮን።

የማስከፈያው ልክ በሁለቱም ስሌት ያው 35 በመቶ ነው፤ አልተነካም። እኔም ዛሬ የማወራላችሁ ስለ ልኩ ሳይሆን ስለ ወረቀቱ ነው። ግብር ተወሳሰበ ስንል ብዙ ጊዜ የአዋጁን ውፍረት እንቆጥራለን። እኔ ግን አዋጅ በውፍረቱ አያስፈራኝም። የምጠይቀው፣ ቆጠራውን ማን ይሠራዋል? ሌሊቱን ቁጭ ብሎ የሚደምረው፣ ወረቀት የሚፈልገው፣ ሲሳሳት የሚቀጣው ማነው? የየአገሩን ሥርዓት በዚህ ዓይን ስታዩት መልኩ ይለወጣል።

በአሜሪካ ልጀምር፤ ሁላችሁም እዚያ ሰው አላችሁ። የእኔ የአጎት ልጅ ቨርጂኒያ ታክሲ ይነዳል። በየዓመቱ በመጋቢት፣ የእኛ እኩለ ሌሊት ላይ ይደውላል። የሚደውለው ለናፍቆት አይደለም፤ ስለ ማይል ነው። የግል ሠራተኛ ስለሆነ ግብሩን የሚቀንስለት ቀጣሪ የለውም፤ በየሩብ ዓመቱ ራሱ ገምቶ ይከፍላል። ከገቢ ግብሩ ሌላ የማኅበራዊ ዋስትናና የጤና መዋጮ 15.3 በመቶ አለበት፤ ተቀጥሮ ቢሆን ግማሹን ቀጣሪው ይችልለት ነበር። ለመኪናው ወጪ እ.ኤ.አ. በ2025 ለሥራ በተነዳ በእያንዳንዱ ማይል 70 ሳንቲም እንዲቀንስ ተፈቅዶለት ነበር። ስለዚህ የፀሐይ መከላከያው ላይ ትንሽ ደብተር ሰክቷል፤ ሰው ባወረደ ቁጥር ማይሉን ይጽፋል። ልጁን ትምህርት ቤት ያደረሰበት ግን ለሥራ አይደለምና አይቆጠርም። «ልጄን አድርሼ እዚያው በር ላይ ሰው ከጫንኩስ?» ብሎ ጠየቀኝ። ባሕር ዳር አልጋዬ ላይ ሆኜ የቨርጂኒያን ማይል ስከፋፍል አስቡኝ!

በዚያ ላይ የፌዴራሉ ግብር ሰባት እርከን አለው፣ ከ10 እስከ 37 በመቶ። ከሱ ሌላ ቨርጂኒያ የራሷን ታስከፍላለች። ዳላስ ያለው ወንድሙ ግን ለግዛቱ የገቢ ግብር አይከፍልም፤ ቴክሳስ ጭራሹን የላትም። አንድ አባት የወለዳቸው፣ አንድ ሥራ የሚሠሩ ወንድማማቾች ናቸው።

ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። የዛሬው የአሜሪካ የገቢ ግብር እ.ኤ.አ. በ1913 ሲመጣ 1040 የሚባለው ቅጽ ከነማብራሪያው አራት ገጽ ነበር። መነሻው 1 በመቶ፣ ጣሪያው 7 በመቶ። ዛሬ ማብራሪያው ብቻ ከ100 ገጽ ያልፋል። ምን አበዛው? ክፋት አይመስለኝም፤ ደግነት ነው ያበዛው። ለቤት ገዢ ትንሽ ይቀነስለት፣ ልጅ ለሚያሳድግ ይታሰብለት፣ ለሚማር ይታገዝ፣ ለገበሬው፣ ለነዳጅ ቆፋሪው... እያንዳንዱ ርኅራኄ አንድ አንቀጽ ወለደ። አንዴ የገባ አንቀጽ ደግሞ ተቆርቋሪ አለውና አይወጣም።

እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። የደመወዝተኛውን ገቢ ቀጣሪው ለመንግሥት አስቀድሞ አሳውቋል። መንግሥት ያውቃል። እንዲያም ሆኖ ሰውየውን «እስኪ ስንት አገኘህ?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ ቢሳሳት ይጽፍበታል። ሰው ያለ ክፍያ በቀጥታ ለመንግሥት የሚሞላበት መንገድ እ.ኤ.አ. በ2024 በ12 ግዛቶች ተሞክሮ፣ በማግሥቱ ዓመት ሰፍቶ፣ ከዚያ እንዲቀር ተደረገ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ እዚህ ቤት የሚመለከተው ሰው አይጠፋም። አሜሪካ ዜጋዋን የትም ቢኖር ገቢህን አሳውቀኝ ትላለች። እዚያ ተወልዶ፣ በዓመቱ ከእናቱ ጋር ባሕር ዳር የመጣ፣ እዚሁ ያደገ ልጅ፣ እንግሊዝኛውም የእኛው ቢሆን፣ ገቢው የተወሰነውን መጠን ካለፈ ቅጹን መሙላት አለበት። በዜግነት ግብር ውጭ ያለን ሰው የሚከተል አገር ከአሜሪካ ሌላ ብዙ አታገኙም፤ ጎረቤታችን ኤርትራ ግን ውጭ ካሉ ዜጎቿ 2 በመቶ ትጠይቃለች።

ወደ እንግሊዝ እንሻገር፤ የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ ስላለበት ደስ ይለኛል። የእንግሊዝ የግብር ዓመት የሚጀምረው በአፕሪል 6 ነው። ለምን በ6? በድሮ ዘመን የእንግሊዝ ዓመት የሚብተው በማርች 25፣ በብሥራት በዓል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1752 ቀን መቁጠሪያቸውን ሲለውጡ 11 ቀን ከመካከል ወጣ። ግምጃ ቤቱ ግን ዓመቱ 11 ቀን እንዲጎድልበት አልፈለገምና የግብሩ ዓመት ወደ አፕሪል ተገፋ፤ ኋላም አንድ ቀን ተጨመረበት። አሁን በእኛ አቆጣጠር አስሉት፤ አፕሪል 6 መጋቢት 28 ነው። በማግሥቱ መጋቢት 29፣ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ብሥራትን ታከብራለች። እንግሊዝ ለበዓሉ አዲሱን ቀን ብትይዝም ለግብሩ ዛሬም አሮጌውን ቀን ልትነካ ምንም አልቀራት። ይህንን ያወቅሁ ዕለት ለብቻዬ ሳቅሁ።

እንግሊዝ የገቢ ግብርን እ.ኤ.አ. በ1799 የጀመረችው ናፖሊዮንን ለመውጋት ነው። ሰላም ሲወርድ ተሰረዘ፤ በ1842 በሰላም ጊዜ ተመልሶ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ አልሄደም። በ1803 ገቢን በምንጩ ለይተው በሠንጠረዥ ከፋፈሉት። ሠንጠረዥ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ የምንለው የእኛ አከፋፈልም በአሠራሩ ያንን ይመስላል፦ ደመወዝ በሀ፣ ኪራይ በለ፣ ንግድ በሐ፣ ሌላው በመ። እነሱ ሠንጠረዡን ትተውታል፤ እኛ ይዘነዋል። ይዘን አልከፋም፤ ለአስተማሪ ይመቻል።

የዛሬው የእንግሊዝ ልክ ሲያዩት ቀላል ነው፦ 20፣ 40፣ 45 በመቶ። ውስጡ ግን ጉድጓድ አለ። ማንም ሰው የመጀመሪያው 12,570 ፓውንድ ከግብር ነፃ ነው። ገቢው 100,000 ካለፈ ግን በእያንዳንዱ ሁለት ፓውንድ ጭማሪ ከዚያ ነፃ መጠን አንድ ፓውንድ ይነጠቃል። የተነጠቀው ግማሽ ፓውንድም በ40 በመቶ ይታሰባልና፣ ከ100,000 እስከ 125,140 ባለው ገቢው ላይ ሰውየው በተግባር የሚከፍለው 60 በመቶ ነው፤ ከሱ በላይ ያለው ሀብታም 45። አዋጁን ብታገላብጡ 60 የሚል ቁጥር አታገኙም።

ፈረንሳይ የምትቆጥረው ቤተሰብ ነው። የባልና የሚስት ገቢ ይደመርና በቤተሰቡ ድርሻ ይካፈላል፦ ባልና ሚስት ሁለት፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ልጆች ግማሽ ግማሽ፣ ከሦስተኛው ጀምሮ ለእያንዳንዱ አንድ ሙሉ። የጎጃም ገበሬ ሰባት ልጅ ይዞ ቢሄድ ስምንት ድርሻ ያወጣ ነበር! ለጥቅሙ ጣሪያ አበጅተውለታል እንጂ። የእኛ ደመወዝ ግብር ስንት ልጅ አለህ ብሎ አይጠይቅም። ይህ ግፍ ነው የሚል ሰው አለ፤ እኔም አንዳንዴ እላለሁ። ቀላል የሆነውም ስለማይጠይቅ ነው። ጀርመን ውስጥ ደግሞ በሃይማኖት ድርጅት ከተመዘገበው ሰው፣ የገቢ ግብሩን 8 ወይም 9 በመቶ የሚሆን የቤተ ክርስቲያን ግብር መንግሥት ራሱ ሰብስቦ ያስተላልፋል። አሥራቱን ቀጣሪው ይቆርጥለታል ማለት ነው። አባቶች፣ እንዳትመኙ።

ኖርዌይና ኢስቶኒያ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። ቆጠራውን የሚሠራው መንግሥት ነው፤ የተሞላ ቅጽ ይመጣላችኋል፣ ታዩታላችሁ። ኖርዌይ ውስጥ ዝም ካላችሁ እንደተስማማችሁ ይቆጠራል። ሕጋቸው ከእኛ ስለቀጠነ አይደለም፤ ድካሙ ከሰውየው ትከሻ ወርዶ ኮምፒውተር ላይ ስላረፈ ነው። ለዚህ ግን ባንኩም፣ ቀጣሪውም፣ መዝገቡም እርስ በርስ መነጋገር አለባቸው፤ ሰውም መንግሥት ኪሴን ቢያይ ግድ የለኝም ማለት አለበት። ኬንያ ሌላ ነች፤ ደመወዝተኛው በየወሩ ቢቀነስበትም እስከ ጁን 30 በኢንተርኔት ገብቶ ራሱ ያሳውቃል፣ ምንም ያላገኘም ባዶ ብሎ ይሞላል። ኤምሬትስና ሳዑዲ እህቶቻችን በሚሠሩበት ደመወዝ ላይ ግብር የለም፤ ኦማን ግን እ.ኤ.አ. ከ2028 ጀምሮ ከፍተኛ ገቢ ባላቸው ላይ 5 በመቶ ልትጥል አውጃለች።

አሁን ወደ ቤታችን። የእኛ ደመወዝተኛ ሥራው ቀላል ነው፤ ምክንያቱም ሥራውን የሚሠራለት ቀጣሪው ነው። ግን ሳይቆጥር ስለሚቀር አይገባውም። ባለፈው አንድ መምህር መጣልኝ፣ ፊቱ ጠቁሯል። ደመወዙ ከ10,000 ወደ 10,100 ሊያድግ ነው። «ወደ 30 በመቶው እርከን ገባሁ፤ ጭማሪው ይቅርብኝ ብል ይሻላል» አለኝ። የተማረ ሰው ነው፤ ለዚያውም የሂሳብ መምህር። ወረቀት አወጣሁ። ከሐምሌ 2017 ወዲህ ባለው ልክ ወር ላይ እስከ 2,000 ብር ነፃ ነው፤ ከዚያ እስከ 4,000 ባለው ላይ 15፣ እስከ 7,000 ባለው 20፣ እስከ 10,000 ባለው 25፣ እስከ 14,000 ባለው 30፣ ከዚያ በላይ 35 በመቶ። በ10,000 ላይ ግብሩ 1,650 ብር ነው። በ10,100 ላይ 1,680። ሠላሳው በመቶ የነካው የመጨረሻዋን መቶ ብር ብቻ ነው፤ 70 ብሩ ኪሱ ገባ። ወረቀቱን አገላብጦ አየው፣ ከዚያ «ስንት ዓመት ነው ለሰው ስሳሳት የኖርኩት?» አለ። ለተማሪዎቹ እንዳላስተማረው ተስፋ አለኝ።

ነጋዴው ዘንድ ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል። መዝገብ የማይዘው አነስተኛ ነጋዴ ለዓመታት የኖረው በግምት ነው። በ2009 የቀን ገቢ ግምት የወጣ ጊዜ ታስታውሱታላችሁ፤ በብዙ ከተማ ሱቅ ሁሉ አጉረመረመ። ገማቹ መጥቶ «በቀን ስንት ትሸጣለህ?» ይላል፤ ነጋዴው ዝቅ ያደርጋል፤ ገማቹ ዝቅ እንዳደረገ ያውቃልና ከፍ ያደርጋል። ሁለቱም ዋሽተዋል ማለት ይከብደኛል፤ እንዲገበያዩ ተደርገዋል። በወረቀት ላይ ይህ ከሁሉ የቀለለ ሥርዓት ነው፤ ቅጽ የለው፣ ተቀናሽ የለው። እንቅልፍ የሚነሳው ግን ያው ግምት ነው፣ ከየት እንደመጣ ተከትለህ ልትደርስበት አትችልም።

ይህ ደግሞ ለዚህ አገር አዲስ አይደለም። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ጎጃም የተነሳው ለምን ነበር? አሥራትን ሊተካ የመጣ፣ በምርት ልክ የሚታሰብ፣ በወረቀት ላይ ከቀድሞው የተሻለ ነው ሊባል የሚችል አዋጅ ነበር። ገበሬው የሰማው ግን «ልንለካ ነው» የሚለውን ነው። መሬት ተለካ ማለት ርስት ሄደ ማለት ሆኖ ታየው። ሞጣ፣ ዳሞት፣ ቢቸና ነደደ፤ ጦር ዘመተ፣ አውሮፕላን ደበደበ። በመጨረሻ አገረ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ከሹመታቸው ተነሱ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መጥተው ውዝፉ ተሰረዘ። አባቴ ይህን ሲያወራ የግብሩን መጠን አንድም ቀን ጠቅሶ አያውቅም። ሁልጊዜ የሚያወራው ስለ ገማቾቹ ነው፤ ማሳው ዳር ቆመው፣ ሳይጠይቁ፣ ስለሚጽፉት ሰዎች።

ቃሉ ራሱ እኮ ሁለት ፊት አለው። ግብር ማለት ለንጉሥ የሚገባው ነው፤ ግብር ማለት ደግሞ ንጉሡ የሚያበላው ድግስ ነው። አንድ ቃል ሲያስገባም ሲያበላም ያገለግላል። እንግሊዝኛው ይህ የለውም። የእኛ ሰው «ግብር ገባ» ሲባል «የት ተበላ?» ብሎ ቢጠይቅ ከቋንቋው የወረሰው ነው።

ሰዓቴ አለቀ መሰለኝ፤ ሰብሳቢያችን እጃቸውን እያሳዩኝ ነው። እትዬ ምን ሆኑ ለምትሉኝ፣ ያን ዓመት ተከራክረን፣ ለምነን፣ የሆነውን ከፍለው ወጡ፤ ያንን አላወራውም። ከዚያ በኋላ ግን ደረሰኝ ከማይቆርጥ ሰው ሲገዛ ገዢው ራሱ የሚሞላው የግዢ ማረጋገጫ ሰነድ እንዳለ ነገርኳቸው። የሻጩ ስም፣ ኪሎው፣ ዋጋው፣ ፊርማው። «ይህን ያህል ዓመት ይኸው ነው የጠፋብኝ?» ብለው ተቆጡኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ይመስል።

አሁን ጎህ ሲቀድ ታንኳው እንደደረሰ ከሚዛኑ ጎን ጥራዙ ይዘረጋል። መጻፍ የሚችለው ይፈርማል፤ የማይችለው አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ያትማል። አንድ ሽማግሌ መጀመሪያ ጊዜ «ርስቴን ልትወስጂው ነው?» አሏቸው፣ እየሳቁ። እትዬም «የታንኳ ርስት የታለና!» ብለው ጣታቸውን ይዘው አስነኩት። ጥራዙን በዓመቱ መጨረሻ ሳመጣው ቢሮው ሁሉ አምባዛ አምባዛ ሸተተ። መርማሪው ገጹን በሁለት ጣቱ እየገለጠ፣ በአፍንጫው ሳይተነፍስ፣ የመጨረሻዋ ኪሎ ድረስ ቆጠረ።